የመጀመሪያው የሚከራይ ቤት የት ይገዛ? ከሳር ቤት እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከሐዋሳ እስከ ቢሾፍቱ

ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሊኖርበት ከሆነ አልተሳሳተም። ሊያከራየው ከሆነ ግን ከዋጋው በፊት «ማን ይገባበታል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ተከራዩ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ በምን ተሳፍሮ እንደሚመላለስ፣ ከደመወዙ ምን ያህሉን ለቤት ማውጣት እንደሚችል ሲታወቅ ሰፈሩ ራሱ ይመጣል። እኔ ይህን የተረዳሁት ከገዛሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህም ገና ያልገዛ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ዝም ማለት አልችልም።

የመጀመሪያ ቤቴ ከአዲስ አበባ ዳር ያለ ባለ አንድ መኝታ የጋራ መኖሪያ ቤት ነበር። ደላላው ያሳየኝ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ገብታ ሴራሚኩ ላይ ተኝታለች፣ ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ዋጋው ገርጂ ካየሁት ከግማሽ በታች ነው። ተዋዋልኩ። ቤቱ አምስት ወር ባዶውን ተቀመጠ። በሦስተኛው ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄጄ ከብሎኩ ፊት ቆምኩና መብራት የበራባቸውን ቤቶች ቆጠርኩ። ከሃያው ዘጠኙ ብቻ በርተዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደረጃው ሥር የተቀመጡት ጥበቃ የምሠራውን አይተው ኖሮ፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ሞልቷል፤ የጠፋው ሰው ነው» አሉኝ። እሑድ ቀን ያየሁት ሰፈርና ማክሰኞ ማታ ያየሁት ሰፈር አንድ አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሰፈር በሥራ ቀን ማታ ሳላይ አስተያየት አልሰጥም። የጨለሙት መስኮቶች እርስዎ ለማከራየት ሲወጡ የሚፎካከሩዎት ቤቶች ናቸው።

የመጀመሪያው የኪራይ ዋጋ ለምን ከባድ ሆነ

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ከወጣ በኋላ የአከራይነት ሒሳብ ተለውጧል። ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት መሆን አለበት። በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ቅድሚያ መቀበል የሚቻለው ከሁለት ወር ኪራይ ያልበለጠ ነው፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይፈጸማል። ዋጋ የሚጨመረው ባለቤቱ ባሰኘው ጊዜ ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያወጣው ተመን መሠረት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ከዚህ መያዝ ያለበት አንድ ቁም ነገር አለ። ድሮ «አሁን በርካሽ ላስገባና ሰፈሩ ሲለማ እጨምራለሁ» ማለት ይቻል ነበር። አሁን በርካሽ የገባ ተከራይ በርካሹ ዋጋ ላይ ተመኑ የፈቀደው ጭማሪ ብቻ እየታከለበት ይኖራል። ስለዚህ ገና ያልለማን ሰፈር «ይለማል» ብሎ ለኪራይ መግዛት ከቀድሞው ይልቅ አደገኛ ሆኗል። ዛሬ፣ በዛሬው መንገድና በዛሬው ውሃ፣ ተገቢውን ኪራይ የሚያወጣ ቦታ ይሻላል።

ስሌቱ በወረቀት ላይ

ሁለት ቤት እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እርስዎ ባገኙት ዋጋ ይተኳቸው። አንደኛው መካከለኛ ቦታ ላይ ያለ፣ በ6 ሚሊዮን ብር የሚገዛና በወር 30 ሺህ ብር የሚከራይ ነው። ሁለተኛው ዳር ያለ፣ በ3 ሚሊዮን ብር የሚገዛና በወር 16 ሺህ ብር የሚከራይ ነው። ደላላ የሚያቀርብልዎ ስሌት ይህን ይመስላል፦ የመጀመሪያው በዓመት 360 ሺህ ብር ያስገባል፣ የዋጋውን 6 በመቶ መሆኑ ነው። ሁለተኛው 192 ሺህ ብር ያስገባል፣ 6.4 በመቶ። ዳር ያለው በለጠ ማለት ነው።

አሁን ወጪውን እናስገባ። የመጀመሪያው በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢውል 330 ሺህ ብር ይቀራል። ጥገና 20 ሺህ፣ ለነዋሪዎች ማኅበር የጥበቃና የጽዳት 12 ሺህ፣ ግብር 55 ሺህ ብንል እጅ የሚገባው 243 ሺህ ብር ነው። 4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ዳር ያለው፣ ተከራይ ቶሎ ቶሎ ስለሚለቅ፣ ሁለት ወር ባዶ ቢውል 160 ሺህ ብር ይቀራል። ጥገናው ከነውሃ ፓምፑ 25 ሺህ፣ የማኅበሩ 8 ሺህ፣ ግብር 15 ሺህ ብንል 112 ሺህ ብር፣ ማለትም 3.7 በመቶ ነው። ብልጫው ተገለበጠ። ሒሳቡን የገለበጠው የባዶ ወር ቁጥርና ጥገናው ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ቤቱ በርካሽ ተገዝቷል ብሎ ዋጋ አይቀንስም፤ ቀለምና ሴራሚክም በየሰፈሩ አይረክስም።

ሁለቱም ግን ብሔራዊ ባንክ ካስቀመጠው የ7 በመቶ ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ በታች ናቸው። ታዲያ ሰው ለምን ቤት ይገዛል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብር በባንክ ያስቀመጠ ሰው በወለዱ ያገኘው ከዚህ ጋር አይመዛዘንም። ቤት የገንዘብ መሸሸጊያ ሆኗል፤ ይህ ምክንያት የሚያሳፍር አይደለም።

ነገር ግን ገንዘብ ለማቆየት መግዛትና ከኪራይ ለመኖር መግዛት ሁለት የተለያዩ ግዢዎች ናቸው። ለማቆየት የሚገዛ ሰው ቶሎ የሚሸጥና ወረቀቱ ንጹሕ የሆነ ቤት ይፈልጋል፤ ሦስት ወር ባዶ ቢውል ችግር የለውም። በየወሩ ኪራይ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የተከራይ ብዛት ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ይገዛና ሁለቱንም ያጣል። ከባንክ ተበድረው የሚገዙ ከሆነ ጉዳዩ ከዚህም ይጠብቃል። የብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም ለባንኮች መነሻ የሚሆነው ወለድ፣ ራሱ 15 በመቶ በሆነበት ጊዜ 4 በመቶ የሚያስገባ ቤት ዕዳውን በራሱ አይከፍልም፤ ልዩነቱ በየወሩ ከደመወዝዎ ይወጣል። ያንን ልዩነት ለስንት ዓመት እንደሚችሉት ሳያሰሉ አይፈርሙ።

መሐል ከተማ፦ ሜክሲኮ፣ ሰንጋ ተራ፣ ልደታ፣ ሳር ቤት፣ ቦሌ

እዚህ ተከራይ አይጠፋም። ሰንጋ ተራ ዙሪያ የንግድ ባንክን ዋና መሥሪያ ቤት ጨምሮ የባንኮቹ ሕንፃዎች ተደርድረዋል። ልደታ ፍርድ ቤት አለ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ ሁለቱም የቀላል ባቡር መስመሮች በሜክሲኮ ያልፋሉ። የባንክ ሠራተኛ፣ ጠበቃና ሐኪም በእግሩ ቢሮ የሚደርስበትን ቤት ቶሎ አይለቅም። ሳር ቤትና አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረትና ዓለም አቀፉ ትምህርት ቤት የሚስቧቸው ተከራዮች አሉ። ቦሌ የሚታወቅ ነው፤ አላራዝምበትም።

ድካሙ ዋጋው ላይ ነው። በመሐል ከተማ የቤቱ ዋጋ ከኪራዩ በላይ ሮጧል። ለአንድ ባለ ሁለት መኝታ በሚከፈለው ገንዘብ መካከለኛ ሰፈር ላይ አንድ ተኩል ቤት ይገኛል። የመጀመሪያ ቤታቸውን የሚገዙ ብዙ ሰዎች ይህን ለመድረስ ያላቸውን ሁሉ ያሟጥጣሉ፤ ለጥገናና ለባዶ ወር የሚሆን ሳንቲም ሳይተርፋቸው ይገባሉ። ይህ ከሆነ መሐል ከተማን ይተዉት።

ለውጭ ድርጅት ሠራተኛ ለማከራየት የሚያስቡ ደግሞ ከጥር 2017 መማር አለባቸው። የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን በድንገት ሲያቆም በእርዳታ ድርጅቶች ይሠሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ሥራቸውን አጡ፤ ከእነሱ ጋር ጥሩ ኪራይ የሚከፍሉ ተከራዮችም ሄዱ። ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚጠጣ ሰፈር፣ ምንጩ ዶላር ቢሆንም፣ ምንጩ በደረቀ ቀን ይጠማል።

ሌላው የመሐል ከተማ ጉዳይ መልሶ ማልማት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ በኋላም ካዛንቺስ እንዴት እንደተለወጡ አይተናል። አሮጌ ግቢ ገዝቶ ክፍል በክፍል ማከራየት ለብዙ ቤተሰብ ጥሩ ገቢ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን ወደ ክፍለ ከተማው ሄደው ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑና በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ለምን እንደተመደበ ሳይጠይቁ መሐል ከተማ ግቢ አይግዙ። ካሳና ምትክ ቦታ በሕግ አለ፤ ነገር ግን የሚተካልዎ ቦታ ተከራዮችዎን ይዞ አይመጣም።

መካከለኛው ቀለበት፦ ገርጂ፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ጎተራ፣ ጀሞ፣ ለቡ

ለመጀመሪያ ቤት የእኔ ምርጫ እዚህ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ቆም ልበል።

በእነዚህ ሰፈሮች የሚከራዩት በአብዛኛው የአገር ውስጥ ደመወዝተኞች ናቸው። አዲስ የተጋቡ፣ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ያላቸው፣ ባልም ሚስትም የሚሠሩ። ከአንድ ድርጅት ስለማይመጡ አንድ መሥሪያ ቤት ቢዘጋ ሰፈሩ አይራቆትም። ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ ቤተሰብ ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ አይንቀሳቀስም። እንዲህ ዓይነት ተከራይ ቤት የሚፈልገው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ቤትዎን በኅዳር ከተረከቡ ሁለት ሦስት ወር ሊቆይብዎ እንደሚችል ያስቡ፤ ስለዚህ ርክክቡን ከክረምቱ ጋር ለማገናኘት ይደራደሩ።

በሰፈሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከዋጋው ይልቅ በመንገድና በውሃ ይገለጻል። አያት በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር መነሻ ነው፤ ከመገናኛ ሲኤምሲ ያለው መንገድ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ታድሷል። ጀሞና ለቡ ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው ታክሲ ይኖራሉ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰልፉን ቆመው ይዩት። ሰልፉ ረጅም መሆኑ ብቻውን መጥፎ አይደለም፤ በሰፈሩ ደመወዝተኛ ሞልቷል ማለት ነው። መጥፎ የሚሆነው ሰልፉ ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ነው። ጎተራ ለመሐል ከተማ ከሁሉም ይቀርባል፣ ዋጋውም ያንኑ ይከተላል።

ስለ ውሃ ያየሁትን ልንገርዎ። ሁለተኛውን ቤት ስፈልግ ሰሚት ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች አንዱን ለማየት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄድኩ። አንዲት ወጣት እናት ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከግቢው ቧንቧ ወደ አራተኛ ፎቅ ትወጣለች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ አረፈች፤ ጀሪካኖቹን አስቀምጣ መዳፏን እያሸች፣ «ወደ ላይ የሚወጣው ሌሊት ነው፤ እሱም ሐሙስ ብቻ። እኔ የዚህ ወር ሲያልቅ እወጣለሁ» አለችኝ። ሻጩ ደግሞ የዚያኑ ዕለት «ውሃ ችግር የለም» ብሎኝ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ እሱ የሚያሳየኝ ቤት አንደኛ ፎቅ ነው።

ከዚያ የተማርኩት፣ የሰፈር ምርጫ የፎቅ ምርጫንም እንደሚጨምር ነው። በ20/80፣ ማለትም ገዢው 20 በመቶውን አስቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን በብድር በሚሸፍንባቸው የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ አብዛኞቹ ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ በኪራይ ይቀንሳል፣ ተከራዩም ቶሎ ይለቃል፤ ሲገዙት ግን ቅናሹ ያን ያህል አይታይም። ለኪራይ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ይፈለጋሉ። ቅድሚያው 40 በመቶ በሆነበት በ40/60 ላይ ሊፍት አለ። ቢሆንም ሊፍቱ ይሠራ እንደሆነ፣ ጄኔሬተር ይኖር እንደሆነና ሲበላሽ ማን እንደሚከፍል ከማኅበሩ ይጠይቁ። ማኅበሩ ጠንካራ በሆነበት ብሎክ ደረጃው ይጠረጋል፣ ሮቶው ይሞላል፣ ጥበቃው ደመወዙን በጊዜ ያገኛል። ማኅበሩ በተጣላበት ብሎክ ደግሞ ጥሩ ቤት መጥፎ ኪራይ ያወጣል። ይህን ለማወቅ የማኅበሩን ሊቀመንበር ማግኘት አያስፈልግም፤ ደረጃውን ከታች እስከ ላይ አንዴ ይውጡት፣ አምፖሉንና ግድግዳውን ይዩ።

በመኝታ ብዛት ምን ይሻላል ለሚለው፣ ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ለአንድ ብር የተሻለ ኪራይ ያወጣሉ፤ ግን ያላገባ ተከራይ ሥራ ሲቀይር ወይም ሲያገባ ይወጣል። ባለ ሁለት መኝታ ቤተሰብ ያስገባል፣ ቤተሰብ ደግሞ ይቆያል። አዋጁ የሁለት ዓመት ውል ካስገደደ ወዲህ እኔ ለባለ ሁለት መኝታ አደላለሁ። አቅም ካልፈቀደ፣ ወደ ዳር ሄዶ ባለ ሁለት መኝታ ከመግዛት ገርጂ ወይም ጀሞ ባለ አንድ መኝታ መግዛት ይበልጣል።

የከተማው ዳር፦ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ

እዚህ ያለው ፈተና የአቅርቦት ብዛት ነው። በየካቲት 2011 በአንድ ዕጣ ብቻ ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ወጥተዋል፤ በኅዳር 2015 ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ። ከባለዕድለኞቹ ብዙዎቹ የሚሠሩት መሐል ከተማ ስለሆነ ራሳቸው አይገቡበትም፤ ያከራያሉ። ሺህ አከራይ በአንድ ሳይት ላይ ሲሰለፍ ዋጋ የሚቆርጠው ተከራዩ ነው።

ቢሆንም ዳር ሁሉ አንድ አይደለም። ሥራ ራሱ ዳር የሄደበት ቦታ አለ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው፤ የቂሊንጦና የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርኮችም ከከተማው ጫፍ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ መምህርና የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ከገርጂ እየተመላለሱ መኖር አይፈልጉም። ዳር መግዛት ግድ ከሆነ ከእነዚህ በአንዱ በር በሃያ ደቂቃ የሚደርስ ብሎክ ይፈልጉ። «መንገድ ሊሠራ ነው» የሚለው ወሬ ላይ ግን ገንዘብዎን አያስቀምጡ።

አዲስ አበባና ኦሮሚያ በነሐሴ 2014 በወሰን ጉዳይ ከተስማሙ ወዲህ ደግሞ በአንዳንድ ሳይቶች ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ግድ ነው። ካርታ የሚሰጠው ማን ነው? ግብር የሚከፈለው የት ነው? የኪራይ ውሉ የሚመዘገበውስ? ሻጩ ለሦስቱም ወዲያው ካልመለሰ፣ መልሱን ራስዎ ቢሮ ሄደው ያግኙ።

የዕጣ ቤት ለአምስት ዓመት አይሸጥም። ያም ሆኖ በውክልና የሚሸጥልዎ አይጠፋም። ውክልና ይሻራል፤ ወካዩ ቢሞት ይቀራል። የዕድሜ ልክ ቁጠባን በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ቤት ላይ አይጣሉ። ዋጋው የረከሰው ለዚህ ነው።

የክልል ከተሞች

በአዲስ አበባ የአንድ ቤት ዋጋ አዳማ ወይም ሐዋሳ ሄዶ ሰርቪስ ያለው ግቢ ሊገዛ ይችላል። ግቢ ደግሞ ከጋራ መኖሪያ ቤት የሚለይበት ጥቅም አለው። ዋናውን ቤት ለቤተሰብ፣ ሰርቪሶቹን ለነጠላ ሰው አከራይቶ አንዱ ሲለቅ ሌላው ያስገባል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ባዶ የሚሆንበት ወር አይኖርም ማለት ይቻላል።

ግን ከተማውን የሚያኖረው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ሐዋሳ በዚህ ታሪክ አስተምራናለች። በ2008 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ከተማዋን ሞሏት፤ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራዩ። ባለ ግቢው ሁሉ ክፍል ቀጠለ። በ2014 ዓ.ም. ትልቅ የአሜሪካ ልብስ አምራች ከፓርኩ ወጣ፣ ኢትዮጵያም ምርቷን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከምታስገባበት ከአጎዋ ዕድል ታገደች፤ በዚያ ሥራ ላይ ተስፋ አድርጎ ለተሠራው ክፍል የተከራዩ ምንጭ ሳሳ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የክልል ርዕሰ ከተማ ናት፣ ሐይቁም እንግዳ ይጠራል፤ ስለዚህ አልወደቀችም። ቤት የሚገዛ ሰው ግን ከፋብሪካው በር ይልቅ ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ ወዳለበት ቢጠጋ የተሻለ እንቅልፍ ያገኛል።

አዳማ በፈጣን መንገዱ ለአዲስ አበባ ቀርባለች፣ ንግዷም ከአንድ ነገር አይመጣም፤ ከክልል ከተሞች ለጀማሪ እሷን አስቀድማለሁ። ባሕር ዳርን እወዳታለሁ። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ንግዱንም ጉዞውንም ጎድቶታል፤ እዚያው የሚኖርና ቤቱን በዓይኑ የሚጠብቅ ካልሆነ በስተቀር አሁን ከሩቅ ሆኖ ለኪራይ መግዛት አልመክርም። ቢሾፍቱ ላይ ሁሉም የሚያወራው አቡሴራ ስለሚገነባው አዲስ አየር ማረፊያ ነው። አየር ማረፊያ ተጠናቆ ሠራተኛ እስኪያስገባ ዓመታት ይፈጃል፤ የመሬቱ ዋጋ ግን ወሬውን ተከትሎ ዛሬ ወጥቷል። የነገን ዋጋ ከፍሎ የዛሬን ኪራይ መቀበል ለጀማሪ አይበጅም።

ያላለቀ ግንባታ

ከሪል እስቴት ድርጅት በቅድሚያ ክፍያ መግዛት ለኪራይ ገቢ አይሆንም። ሕንፃው እስኪያልቅ አንድ ብር አያስገባም፤ የርክክብ ቀን ሲገፋ ብዙ ሰው አይቷል። ኪራይ የሚፈልግ ቁልፉን ዛሬ የሚቀበልበትን ቤት ይግዛ።

ወረቀቱ

ከየትኛውም ሰፈር ቢገዙ መጀመሪያ ካርታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ (ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በክፍያ የተያዘ መሬት) ብለው ይጠይቁ። ሊዝ ከሆነ ቀሪ ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ ከቤቱ ዋጋ ጋር ደምሩት። እግድና የባንክ ዋስትና አለመኖሩን በሻጩ ቃል ሳይሆን ከመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤቱ ያጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ውዝፍ ካለ ከርክክብ በፊት ይከፈል። ቤቱ ላይ ተከራይ ካለ የተመዘገበውን ውል ያንብቡ፤ በምን ዋጋና እስከ መቼ እንደገባ ካላወቁ የገዙትን ቤት አያውቁትም።

በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ሆኗል። 2 በመቶውን የቴምብር ቀረጥና ሌላውን ክፍያ ለመቀነስ ነው። ሕገወጥ መሆኑ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ነገ ሲሸጡት በሽያጩ ትርፍ ላይ 15 በመቶ ግብር አለ፤ ትርፉ የሚሰላው ደግሞ ገዛሁ ብለው ካስመዘገቡት ዋጋ ተነሥቶ ነው። ዛሬ የተደበቀው ሚሊዮን ነገ የእርስዎ ትርፍ ተብሎ ይቆጠራል። የኪራይ ገቢውም በሠንጠረዥ «ለ» ግብር እንደሚከፈልበት፣ ከፍተኛው 35 በመቶ እንደሚደርስ፣ ክፍያው በባንክ ሲያልፍ ደግሞ እንደሚታይ አስበው ገና ከመግዛትዎ በፊት በስሌቱ ያካትቱት።

ከውጭ ሆኖ ለሚገዛ

ዋሺንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ሆኖ ለሚገዛ ሰው የሰፈሩ ጥያቄ መልኩን ይቀይራል። የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በመታወቂያቸው ቤት መግዛት ይችላሉ፤ መብቱ ላይ ችግር የለም። ችግሩ የቁልፉ ነው።

በዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ብዙ ጊዜ ቤት የሚገዙት በተወለዱበት ከተማ ነው፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ጅማ። ልባቸው እዚያ ነው። ቤቱ ሲያልቅ ግን ተከራይ ሳይሆን ዘመድ ይገባበታል። ከእናት ኪራይ አይጠየቅም፣ ከወንድም ልጅም አይጠየቅም። ይህ ምንም ነውር የለበትም፤ ለቤተሰብ ቤት መሥራት የተከበረ ነገር ነው። ግን ለቤተሰብ የተሠራውን ቤት «የኪራይ ገቢዬ» ብሎ ተማምኖ ሥራ ትቶ መመለስ ከባድ ኀዘን ያስከትላል። ለቤተሰብ አንድ ቤት ይሥሩ፤ ለኪራይ የሚሆነውን ዘመድ ሊገባበት በማይመቸው ሌላ ከተማ፣ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ የጋራ መኖሪያ ቤት ይግዙ። ኪራዩም ለማንም እጅ ሳይሰጥ በቀጥታ በራስዎ የባንክ ሒሳብ ይግባ።

ቁልፉን የሚይዝልዎ ሰው ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ቧንቧ ሌሊት ሲፈነዳ፣ ተከራይ ሲለቅና አዲስ ሲገባ፣ ውል ለማስመዝገብ ወረዳ ሲኬድ የሚደክመው እሱ ነው። የወንድምዎ ሚስት ለቡ የምትኖር ከሆነ፣ በቁጥር የተሻለውን የአያት ቤት ትተው ጀሞ ይግዙ። ለድካሟም በየወሩ ከኪራዩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይመድቡላት፤ ከመግዛትዎ በፊት ስንት እንደሆነ ከእሷ ጋር ይነጋገሩ።